የብስክሌት ፍሬን ሲከዳ ሸራውን ብቻ አትክሰሱ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ብስክሌት በጋዜጣ ሲነሣ ወሬው ስለ ውድድር ወይም ስለ ጤና ነው፤ ስለ ፍሬን የሚጽፍ ብዙም አይገኝም። የተራራ ብስክሌት ነጂ ግን ቁልቁለት ሲወርድ ራሱን አደራ የሚሰጠው ለአራት ትንንሽ ሸራዎች ነው፤ ሁለቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ። እነዚህ ሸራዎች አልይዝ ሲሉ ወይም ሲጮኹ ከነጂውም ከሻጩም፣ አንዳንዴም ከጠጋኙ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ሸራ ቀይር»። በብስክሌት ጥገና ላይ ያለን ሰዎች በዚህ አንስማማም። ሸራ ያልቃል፣ ሲያልቅም መቀየር አለበት። ነገር ግን ዘይት የነካው ዲስክ (ከጎማው ጋር የሚሽከረከረው፣ ሸራዎቹ የሚይዙት ክብ ብረት) ላይ አዲስ ሸራ ቢገጠም አዲሱም ያንኑ ዘይት ይጠጣል፤ ፒስተኑ የተጣበቀ ካሊፐር (ሸራዎቹን ይዞ ፒስተን በሚባሉ ገፊዎች ዲስኩ ላይ የሚጫናቸው አካል) ውስጥ ቢገባም እንደ አሮጌው በአንድ ወገን ይበላል። ስለዚህ ሸራ ከመግዛት በፊት ምርመራ ይቅደም እንላለን።

ምርመራው የሚጀምረው ከእጀታው ነው። ብስክሌቱን አቁማችሁ የፍሬኑን እጀታ ሳቡና ያዙት። እጀታው ጠንክሮ ቦታው ላይ የሚቆም፣ ብስክሌቱ ግን እየተነዳ አልቆም የሚል ከሆነ ኃይሉ ካሊፐሩ ድረስ ደርሷል ማለት ነው፤ ጉድለቱ ያለው ሸራውና ዲስኩ በሚገናኙበት ገጽ ላይ ነው። እጀታው ልል ሆኖ እስከ መሪው የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ሸራ መቀየር ምንም አይፈይድም፤ ችግሩ የእጃችሁን ጫና ከእጀታው ወደ ካሊፐሩ በሚያደርሰው የፍሬን ዘይት መንገድ ላይ ነው። ደጋግማችሁ ስትስቡት የሚጠነክር ከሆነ አየር ገብቷል። ይዛችሁት ሳለ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ አንድ ቦታ ዘይት ያፈሳል ወይም እጀታው ውስጥ ያለው ፒስተን ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ላስቲክ) አልቋል። አንድ የሚያሳስት ነገር ግን አለ፤ ካሊፐሩ ተንጋዶ ከታሰረም ሸራዎቹ ቀጭኑን ዲስክ ስለሚያጎብጡት እጀታው አየር እንዳለበት ያህል ይለሰልሳል። አየር ለማስወጣት ከመነሣታችሁ በፊት ዲስኩን ከኋላ ሆናችሁ እያያችሁ እጀታውን ሳቡ። ዲስኩ ወደ ጎን ከታጠፈ መጀመሪያ ካሊፐሩን አስተካክሉ።

ጠንካራ እጀታና ደካማ ፍሬን ከተገናኙ በብዛት ጥፋተኛው ቅባት ነው። ሰንሰለት ላይ ቅባት ሲረጭ ብናኙ የኋላውን ዲስክ ያገኘዋል፤ ፍሬም የሚያብረቀርቁ ሲሊኮን ያለባቸው ማወልወያዎችም እንዲሁ። ዲስክን በባዶ ጣት መያዝ ቀላል ይመስላል፤ የጣት ቅባት ግን በቂ ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ፍሬኑ በደረቅ መንገድም ሳያቋርጥ ይጮኻል፣ እጀታውን አጥብቃችሁ ስትስቡ ጩኸቱ እንጂ የማቆም ኃይሉ አይጨምርም። በዝናብ ብቻ ጮኾ ሲደርቅ የሚተው ፍሬን ግን በሽተኛ አይደለም፤ በተለይ የብረት ሸራ ጠባዩ ነው።

ቅባቱ ከውጭ የመጣ ወይስ ከካሊፐሩ ከራሱ የፈሰሰ መሆኑ መለየት አለበት፤ ይህን የሚዘሉት ብዙ ናቸው። ጎማውን አውጡ፣ ሸራዎቹን አውጡ፣ የፒስተኖቹን ዙሪያ በነጭ ወረቀት ጠርጋችሁ አድርቁ። በፒስተኖቹ መካከል የፕላስቲክ ማገጃ አስገቡና እጀታውን ስባችሁ ከመሪው ጋር በላስቲክ አስራችሁ አሳድሩት። በማግስቱ ወረቀቱን መልሳችሁ ስታስጠጉ እርጥበት ካነሣ የፒስተኑ ጎሚኒ ያፈሳል፤ ያ ሳይጠገን የሚገጠም ሸራ ሁሉ ይበላሻል። ማገጃ ሳታስገቡ ግን እጀታውን አጥብቃችሁ ወይም ደጋግማችሁ እንዳትስቡ፤ ፒስተኖቹ ከልክ በላይ ወጥተው ዘይቱ ይፈስሳል።

ዲስኩ ይጸዳል። 90 ከመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ንጹሕ ጨርቅ ላይ አፍስሳችሁ ሁለቱንም ፊት፣ የቀዳዳዎቹንም ጠርዝ ጥረጉ፤ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ ጨርቅ እየቀየራችሁ። የመኪና ፍሬን ማጽጃ እኛ አንመክርም፤ አንዳንዱ ቅሪት ይተዋል፣ አንዳንዱም ጎሚኒና ፕላስቲክ ይጎዳል። ሸራው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነገር ስለሆነ ዘይቱ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። በእሳት መለብለብ ወይም ምድጃ ውስጥ ማስገባት በሰፊው ይመከራል፤ እኛ እንቃወመዋለን። እሳቱ ከዘይቱ ጋር ሸራውን ያጣበቀውን ሙጫም ያቃጥላል፣ ጭሱ ለሳንባ መርዝ ነው፣ ከጀርባ ብረቱ የተላቀቀ ሸራ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ጭራሽ ፍሬን የለም ማለት ነው። ዘይት የጠጣ ሸራ ይጣል። «ሸራ ቀይር» የሚለው ምክር ትክክል የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ዲስኩ ከጸዳና ምንጩ ከተደፈነ በኋላ።

ዘይት ሳይነካው ገጹ የጠነከረና እንደ መስተዋት ያበራ ሸራ ግን ይድናል። ይህ የሚሆነው ከመጠን በላይ ሲሞቅ ወይም አዲስ ሳለ በወጉ ሳይሟሽ ሲቀር ነው። 120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ሜዳ በሆነ ጠረጴዛ ላይ አንጥፉና ሸራውን በትንሽ ጫና እያሽከረከራችሁ እሹት፤ ብልጭታው ጠፍቶ መላው ገጽ አንድ ዓይነት ደብዛዛ ቀለም ሲይዝ አቁሙ። ወረቀቱን በእጅ ይዞ ሸራውን መፈግፈግ ጠርዙን ያከብበዋል፤ ለዚህ ነው ሜዳ ነገር የሚያስፈልገው። ብናኙን አትተንፍሱት፤ ወረቀቱን ትንሽ ማርጠብ ይረዳል። ዲስኩንም በዚያው ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ እሹና በአልኮል ጥረጉ።

ማሟሸት ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ዘርዘር ብናደርገው ይሻላል፤ ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ይህ ነውና። አዲስ ሸራ የሚይዘው ራሱ ብቻውን አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሙቀቶች ከሸራው ላይ ስስ ሽፋን ወደ ዲስኩ ይተላለፋል፤ ሙሉ ኃይል የሚገኘው ሸራው ያንን ሽፋን ሲይዝ ነው። ከሣጥን ወጥቶ በቀጥታ ቁልቁለት የሚወርድ ሸራ ሽፋኑን ሳይሠራ ገጹ ይደነድናል። ስለዚህ ሜዳና ጸጥ ያለ መንገድ ፈልጋችሁ አንዱን ፍሬን ብቻ ተጠቀሙ። ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ደርሳችሁ ጎማው ሳይቆለፍ በእኩል ጫና ወደ እግር ጉዞ ፍጥነት አውርዱት፤ ይህን 20 ጊዜ ያህል ድገሙት። ቀጥሎ ፍጥነቱን ወደ 30 ከፍ አድርጋችሁ 10 ጊዜ ያህል ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡ። ከዚያ ሌላውን ፍሬን እንዲሁ። በመካከል ፈጽማችሁ አትቁሙ፤ የጋለ ሸራ ዲስኩ ላይ ተጭኖ ሲቆም በዚያች ቦታ ወፍራም ቅሪት ያትማል፣ ከዚያ በኋላ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር በየዙሩ አንድ ጊዜ ይንጣል። ንጠቱን ብዙ ሰው «ዲስኩ ተጣሟል» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን አሽቶና አጽድቶ እንደገና ማሟሸት ይበቃል። የሸራ ዓይነት ስትቀይሩም የቀድሞውን ሽፋን ከዲስኩ ላይ አንሡ፤ የአንዱ ሽፋን ለሌላው አይስማማም።

ዓይነት ካነሣን፣ ሸራ በሰፊው ሁለት ነው። በሙጫ የተያያዘው፣ ኦርጋኒክ የሚባለው፣ ሳይሞቅ ጀምሮ ይይዛል፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው፤ ጭቃና ውሃ ግን ፈጥኖ ይበላዋል፣ ረጅም ቁልቁለት ላይም ቀድሞ ይደክማል። የብረት ዱቄት በሙቀትና በጫና ተጋግሮ የሚሠራው ሲንተርድ ሙቀት ይችላል፣ ጭቃ ውስጥም ይቆያል፤ በአንጻሩ ይጮኻል፣ ሲበርድ አያያዙ ደካማ ነው፣ ሙቀቱንም ወደ ዘይቱ ያሳልፋል። በሁለቱ መካከል ከፊል ብረት የሆነውም አለ። የትኛው ይሻላል ለሚለው እኛ ለደረቅና አጭር መንገድ ኦርጋኒኩን፣ ለጭቃና ለረጅም ቁልቁለት ብረቱን እንመርጣለን። ከመምረጥ በፊት ግን ዲስኩን አንብቡ። አንዳንድ ዲስክ ላይ ለኦርጋኒክ ሸራ ብቻ እንደሆነ ተጽፎበታል፤ ብረቱ ለስላሳ ስለሆነ ሲንተርድ ሸራ ፈጥኖ ይፈጀዋል።

ስለ ሙቀት አንድ ስሌት እናስቀምጥ። ነጂና ብስክሌት አንድ ላይ 90 ኪሎ ግራም ሆነው 500 ሜትር ከፍታ ቢወርዱ የሚለቀቀው ጉልበት 441 ኪሎ ጁል ያህል ነው። ነፋስና የጎማ ሰበቃ ከወሰዱት የተረፈው በሙሉ በፍሬኖቹ በኩል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ባለ 160 ሚሊ ሜትር ዲስክ 120 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 60 ጁል ያህል ይበቃዋል። አየር ባያቀዘቅዛቸውና ጉልበቱ ሁሉ በሁለቱ ዲስኮች ብቻ ቢጠራቀም ብረቱ ከመቅለጫው ያልፍ ነበር። እንግዲህ ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬን በስሱ ይዞ መውረድ ለምን እንደሚጎዳ ይታያል፤ ዲስኩ የሚቀዘቅዝበት ፋታ አያገኝም። ለአጭር ጊዜ አጥብቆ ይዞ መልቀቅ፣ ከመታጠፊያ በፊት ፍጥነትን ጨርሶ መቀነስ፣ ከዚያ ጣትን ማንሣት ይሻላል። ዲስኩ ወደ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ካደላ ከልክ በላይ ሞቆ ነበር ማለት ነው።

በሙቀት የሚደክም ፍሬንም ሁለት መልክ አለው። ሸራው ከደከመ እጀታው እንደጠነከረ ይቀራል፣ መያዙ ግን ይጠፋል፤ ሲበርድ ይመለሳል። ዘይቱ ከፈላ እጀታው በድንገት እስከ መሪው ይወድቃል፤ ይህ ይበልጥ ያስፈራል፣ ምክንያቱም እንፋሎት ይታመቃል፣ ፈሳሽ አይታመቅም። ለመጀመሪያው መፍትሔው የተሻለ ሸራ ወይም ትልቅ ዲስክ ነው። ከ160 ወደ 180 ሚሊ ሜትር ሲኬድ በዚያው የእጅ ጫና የማቆም ኃይሉ በ12.5 ከመቶ ይጨምራል፤ ሹካውና ፍሬሙ ያንን መጠን መፍቀዳቸው ይታይ፣ አስማሚውም አብሮ ይገዛ። ለሁለተኛው ዘይት መቀየር ነው።

ዘይቱን በተመለከተ አጭር ቃል፤ ማዕድን ዘይትና ዶት የሚባሉት ሁለት የፍሬን ዘይት ዓይነቶች ፈጽሞ አይቀላቀሉም። አንዱ የሌላውን ጎሚኒ አሳብጦ ፍሬኑን ከጥቅም ውጭ ያደርጋል። ከፍሬን አምራቾች የሺማኖና የማጉራ ፍሬኖች በማዕድን ዘይት ይሠራሉ። ኤስራም ለረጅም ዓመታት ዶት ሲጠቀም ቆይቷል፤ እንደ ዲቢ8 እና ማቨን ያሉት ሞዴሎቹ ግን በማዕድን ዘይት የሚሠሩ ናቸው፤ ስለዚህ የኩባንያውን ስም ማወቅ አይበቃም፣ እጀታው ላይ ወይም የዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ዶት ውሃ ከአየር ይስባል፤ ዶት 4 አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን መለኪያው 155 ይሆናል። ማዕድን ዘይት ውሃ አይስብም፤ ቢገባበት ግን ውሃው ሳይቀላቀል ዝቅ ብሎ ካሊፐሩ ጋ ይተኛል፣ በ100 ዲግሪም ይፈላል። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ነው፤ ስሙ ቢመሳሰልም በዶት 4 እና በዶት 5.1 ቦታ አይገባም።

አሁን ሰፊ ትዕግሥት ወደሚጠይቀው፣ ወደ ተጣበቀ ፒስተን። አንዱ ሸራ ከሌላው ቀድሞ የሚያልቅ ከሆነ፣ ወይም እጀታው ተለቆም አንዱ ሸራ ዲስኩን የሚልስ ከሆነ አንደኛው ፒስተን ሰንፏል። አዲስ ሸራ ሲገጠም ጭቃ የለበሰውን ፒስተን ገፍቶ መመለስ የተለመደ ነው፤ ጭቃው ከጎሚኒው ሥር ገብቶ ችግሩን የሚያመጣው ያ ነው። መጀመሪያ ይጽዳ። ሸራዎቹን አውጥታችሁ እጀታውን በጥንቃቄ አንድ ሁለት ጊዜ ሳቡ፤ ፒስተኖቹ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይውጡ። የወጣውን ጎናቸውን በአልኮል በረጠበ የጆሮ ጥጥ ዙሪያውን ጥረጉ። ጥጡ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ነጭ እስኪሆን ቀጥሉ። ከዚያ በሌላ ጥጥ ፍሬኑ የሚሠራበትን ዘይት አንዲት ጠብታ ፒስተኑ ዙሪያ ቀቡ፣ በፕላስቲክ ጎማ ማውጫ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ግፉት። ካቻቪቴ አትጠቀሙ፤ የሴራሚክ ፒስተን ይሰነጠቃል። ቀጥሎ ፈጣኑን ፒስተን በፕላስቲኩ ያዙትና እጀታውን ሳቡ፤ ሰነፉ ብቻ እንዲንቀሳቀስ። ሦስት አራት ጊዜ ስትመላልሱት ሁለቱ እኩል መሄድ ይጀምራሉ። በመጨረሻ የተረፈውን ዘይት አንድም ሳይቀር ጥረጉ፤ አለዚያ ለሸራው የሸሻችሁትን ችግር በእጃችሁ ታመጡበታላችሁ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተንቀሳቀሰ ጎሚኒው ወይም ካሊፐሩ ይቀየራል።

ካሊፐር ማስተካከል ከዚህ ይቀላል። ጎማው በቦታው በትክክል መቀመጡንና አክሱ መጥበቁን አረጋግጡ፤ ብዙ መላላስ ከዚህ ይመጣል። ሁለቱን የካሊፐር ብሎኖች ካሊፐሩ ወዲያ ወዲህ እስኪል ብቻ አላሉ፣ እጀታውን አጥብቃችሁ ስባችሁ ያዙ፣ ሳትለቁ ብሎኖቹን ተራ በተራ ሩብ ሩብ ዙር እያላችሁ አጥብቁ። አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ካሊፐሩን ያዞረዋል። መጨረሻው በሺማኖ ከ6 እስከ 8 ኒውተን ሜትር (የብሎን ማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ነው። አሁንም የሚላስ ከሆነ ድምፁን ስሙ፤ የማያቋርጥ ከሆነ ካሊፐሩ አልተስተካከለም፣ በየዙሩ አንድ ጊዜ «ሽው» የሚል ከሆነ ዲስኩ ተጣሟል፤ የተጣመመችውን ቦታ ለይቶ በንጹሕ መሣሪያ ቀስ በቀስ ማቃናት ይቻላል። የዲስኩ ብሎኖችም ይታዩ፤ ባለ ስድስት ብሎን ዲስክ ላይ ሺማኖ ከ2 እስከ 4፣ ኤስራም 6.2 ኒውተን ሜትር ይላል፣ በሞዞው ላይ በአንድ ቀለበት የሚታሰረው ሴንተርሎክ ደግሞ 40። ፍሬን ስትይዙ «ቋ» የሚል አንድ ድምፅ ከሰማችሁ ሸራው ካሊፐሩ ውስጥ እየተንቀሳቀሰ ነው፣ ወይም የመሪው ኩሺኔታ ላልቷል። የሸራው ሞላ ተገልብጦ ወይም ክንፉ ተጣሞ ከገባም ዲስኩን ይፈገፍጋል፤ ይህ ከተሰማ ሳትነዱት አውጥታችሁ እዩ።

በኬብል የሚሠራ ዲስክ ፍሬን ላላቸው ዘይቱን የሚመለከተው ሁሉ አይመለከታቸውም፤ የሸራውና የዲስኩ ግን ያው ነው። በብዙዎቹ ላይ የሚንቀሳቀሰው የውጭው ሸራ ብቻ ስለሆነ ሸራው ባለቀ ቁጥር የውስጡን ሸራ በማስተካከያው ወደ ዲስኩ ማቅረብ የነጂው ሥራ ነው። ኬብሉን ብቻ እየጎተቱ መሄድ ዲስኩን ያጎብጠዋል።

መለኪያውን እናስታውስ። ሺማኖ የሸራው ሥጋ 0.5 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ይቀየር ይላል፤ ኤስራም ደግሞ ሸራውና የጀርባ ብረቱ አንድ ላይ ከ3 ሚሊ ሜትር ካነሱ። እኛ ለረጅም ቁልቁለት የሚሄድ ሰው 1 ሚሊ ሜትር ሲቀረው እንዲቀይር እንመክራለን፤ በጭቃ ውስጥ የቀረው ግማሽ በአንድ ጉዞ ሊያልቅ ይችላል፣ ጀርባ ብረቱ ዲስኩን ከነካ ዲስኩም አብሮ ይሄዳል። የዲስኩ ትንሹ ውፍረት በራሱ ላይ ተጽፏል፤ የሺማኖ አዲሱ 1.8 ሆኖ 1.5 ሚሊ ሜትር ላይ ይጣላል። በቬርኒየር (የውፍረት መለኪያ መሣሪያ) ስትለኩ ሸራው የሚሄድበትን መሐል ለኩ እንጂ ጠርዙን አይደለም፤ ጠርዙ ስለማይበላ ያታልላል።

ሸራ ለሚሸጡ ወገኖች የምንለው አለ። የሸራ ቅርጽ ከካሊፐር ካሊፐር ይለያያል፣ የአንዱ ኩባንያ ሞዴሎች እንኳ እርስ በርስ አይለዋወጡም፤ ስለዚህ ገዢው አሮጌውን ይዞ እንዲመጣ ጠይቁት። አሮጌው ቅርጹን ብቻ አይናገርም። በአንድ ጫፍ ቀጥኖ በሌላው የወፈረ ከሆነ ካሊፐሩ ተንጋዷል፤ አንዱ አልቆ ሌላው ከተረፈ ፒስተኑ፤ ገጹ የሚያበራ ከሆነ ማሟሸቱ ወይም ሙቀቱ፤ ጥቁርና ወዛም ከሆነ ዘይት። ይህን ለማየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ገዢው ሸራውን አምጥቶ ወዛም ሆኖ ካገኛችሁት፣ አዲሱን ከመስጠታችሁ በፊት ዲስኩን በምን እንደሚያጸዳ ንገሩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የብስክሌት ጥገና ባለሙያዎች